አያ ፈንታሁንን ብቻ የሚያወጣው እጣ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ደባርቅ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በቆሙ ባለበቅሎዎች ፊት አጭበርባሪ ልባል ትንሽ ነበር የቀረኝ... ያውም ከነአጎቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ፕሮግራመር ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም አጎቴ አያ ፈንታሁን ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው እንቆቅልሽ እንደሚፈታው እኔ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ትንንሽ የኮዲንግ ፈተናዎችን እፈታለሁ። በዚያ ሰሞን የያዘችኝ ፈተና «የስም ዝርዝር ተቀብሎ ለማንም ሳያዳላ ተራውን የሚያደባልቅ ፕሮግራም ጻፍ» የምትል ነበረች። ጃቫ ለዚህ ዝግጁ መሣሪያ አለው። እሱን እየነካካሁ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም እያስገባሁ፣ ማን ከማን ይቀድም ይሆን እያልኩ ስጫወት ሰነበትኩ።

አያ ፈንታሁን ደግሞ ወደ ፓርኩ የእንግዳ ጓዝ የሚጭኑት ባለበቅሎዎች ሰብሳቢ ናቸው። ማን ቀድሞ ይጫን የሚለው የሚወሰነው በእጣ ነው። ባለፈው ጊዜ ታዲያ «የእጣው ወረቀት ምልክት ነበረው» የሚል ሐሜት ተነሣና እንቅልፍ አጡ። አሁን ደግሞ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ እንግዶች ሊመጡ ነው። ቀድሞ የወጣለት ይሠራል፤ መጨረሻ የወጣለት በቅሎውን እያየ ይከርማል።

«አያ፣ እኔ በኮምፒውተር ላውጣልዎ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ከእሳቸው ጭንቀት ይልቅ የገፋኝ የራሴ ጉጉት ነው። ፕሮግራሜን በእውነተኛ ሰው ላይ ማየት አማረኝ።

ቅዳሜ ላፕቶፔን ኮርቻ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉም ስሙ መግባቱን ጎንበስ እያለ አየ። ማስጀመሪያውን ቁልፍ ተጫንኩት።

መጀመሪያ የወጣው... ፈንታሁን።

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አያ ፈንታሁን ደንገጥ ብለው «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። አሁንም ፈንታሁን።

ጌጡ የሚባል አፉ የማያርፍ ባለበቅሎ አለ። ወደ ፊት ወጣ አለና...

«አያ ፈንታሁን፣ ይቺ ኮምፒውተር ቻርጅ የምትደረገው የት ነው?»

«እኔ ቤት ነዋ።»

«እንግዲያማ ምን ይገርማል! ውሻ በበላበት ይጮኻል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቁም። «ልጄ... እስቲ አንዴ ድገሚው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ልመና ሆኖ ነበር። ተጫንኩት። ያው እሳቸው።

ያኔ ገባኝ። ኮምፒውተር የእውነት እጣ አያውቅም። አንድ መነሻ ቁጥር ይይዝና ከዚያ እየተነሣ ይቀምራል። መነሻው ካልተቀየረ ውጤቱም አይቀየርም። እኔ ደግሞ ስሞክረው ስህተቴን ለመፈለግ እንዲመቸኝ መነሻውን 21 ላይ ቸክዬው ነበር። የማርያም ቀን ስለሆነች ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ላነሣት ብዬ ረሳኋት።

«ጥፋቱ የኔ ነው! አጎቴ ምንም አያውቁም፤ ፕሮግራሙ ያንኑ ነው እየደገመ ያለው» ብዬ ተርበተበትኩ።

«ያንኑ የሚደግምማ ዳዊት ደጋሚ ነው እንጂ እጣ አይደለም» አለ ጌጡ።

ማስተካከሉ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ግን ከእንግዲህ ጣቴ አንድ ፊደል ቢነካ ማን ያምነኛል? አፈርኩ። ከሁሉ የከፋኝ ደግሞ የአጎቴን ፊት ማየት ነው።

አያ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን አወለቁና «በዱሮው ይውጣ» አሉ። ሁሉም የየራሱን ምልክት ጣለበት። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ ቁልፍ፣ ጌጡ ከበቅሎው ጭራ የነጨውን ፀጉር ቋጥሮ፣ አጎቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል። እጣ አውጪው ምልክቱ ሲጣል ያላየ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ዘሃራ ተጠራች። በቅሎ የላት፣ ከማንም አትወግን።

«የማንን ነው የማወጣው?» አለች።

«እሱን ብታውቂማ መች እንጠራሽ ነበር!» አሏት።

በዚያ ሁሉ ሐፍረት መሐል እንኳን ነገሩ ገረመኝ። ለካ ፕሮግራሜ ላይ የጎደለችው ዘሃራ ናት።

ፊቷን አዙራ እጇን ሰደደች። መጀመሪያ የወጣው የጭራ ፀጉር ነው።

«አሁን ይሄ እጣ ነው!» ብሎ ጮኸ ጌጡ። ይደገም ያለ ሰው የለም።

አንድ በአንድ እየወጣ አለቀና መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ቀረ። አያ ፈንታሁን ቅጠሉን ተቀብለው «ተመስገን!» አሉ... ከሁሉም ኋላ የቀረ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ እየመጣ ጨበጣቸው። ጌጡም ጎንበስ ብሎ «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ አያ ድንገት ቆም አሉ።

«እስቲ ክፈቻት። አሁንም እኔን ነው?»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩላቸው። ፈንታሁን። ትክ ብለው አዩት።

«አስተካክለዋለሁ አያ፤ የቸከልኳትን ቁጥር ማንሣት ብቻ ነው።»

«ቁጥሯ ስንት ናት?»

«ሃያ አንድ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንዳትነኪያት!»

አልነካኋትም። ከዚያ ወዲህ የሰው በቅሎ ተጭና ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ቡይት ራስ ስትወጣ ባዩ ቁጥር ክፍሌ በር ላይ ይመጡና «እስቲ እጣ አውጪልኝ» ይሉኛል። አወጣላቸዋለሁ... እስካሁን አንድ ቀን እንኳን ቀድሟቸው የወጣ የለም።