ከመስታወቱ ያልተላቀቀው ፎቶ

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ለአንዲት ጉርድ ፎቶ ብዬ ወሎ ደጋ ላይ እስካለችው ሙጃ ድረስ ሄጃለሁ። የላከኝ ወሬ የመጣው በእህል ነጋዴው በአያ ሰይድ ነው። እትዬ ጥሩ የሚባሉ የሙጃ ሴት አሉ፤ ልጃቸው ከዘመተ ሦስት ዓመት ሆኖት ደብዳቤው ተቋርጧል። ያለቻቸው አንዲት የልጃቸው ፎቶ ደግሞ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶባት ከመስታወቷ ጋር ተጣብቃለች፤ ሻጋታው ወደ ልጁ ፊት እየቀረበ ነው። ከቤት አላስወጣትም ስላሉ፣ ቅጂውን ለማንሳት ካሜራው ወደ እሳቸው መሄድ ነበረበት።

ካሜራው የእንጨት ነው፤ ሦስት እግር ላይ ቆሞ መዳፍ በሚያህል ፊልም ያነሳል። ያኔ ጉልበት ነበረኝና ተሸክሜው ስዞር ደስ ይለኝ ነበር።

ከወልድያ ወደ ኩልመስክ

ከወልድያ በጭነት መኪና፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ሦስቱን እግር አይቶ፣ «መሬት ልትለካ ነው?» አለኝ። የይለፍ ወረቀቴን ባሳየውም አላመነም፤ የፊልሙን ካርቶን ከፍቶ ፀሐይ አስመታው። የተረፉኝ አስቀድሜ ብርሃን በማያስገባው የካሜራው መያዣ ውስጥ የከተትኳቸው ሁለት ፊልሞች ብቻ ነበሩ። ብናገር ትርፉ መታሰር ነውና ዕቃዬን ሸክፌ መኪናው ላይ ተመልሼ ወጣሁ። ኩልመስክ አድሬ በማግስቱ በአምስት ብር በቅሎ ተከራየሁ፤ የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ብርዱ ጆሮዬን እየቆነጠጠኝ ሙጃ ገባሁ። ያ ብርድ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ሙጃ፣ ረፋድ ላይ

እትዬ ጥሩ ነጭ ነጠላ ለብሰው ተቀበሉኝ። ጎረቤቶቻቸው ልጁ ሞቷል፣ ጥቁር ይልበሱ፣ ለቅሶ ይቀመጡ ይሏቸዋል፤ እሳቸው መርዶ አልመጣልኝም ብለው እምቢ ብለዋል።

ፎቶዋን ከነመስታወቷ ደጅ አውጥቼ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። እትዬን ከካሜራው ጥቁር ጨርቅ ሥር ገብተው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው።

«ልጄን ለምን ዘቀዘቅኸው?» አሉ ከውስጥ።

«ካሜራው እንዲህ ነው የሚያየው፣ እትዬ። ሲታጠብ ይቃናል።»

ቶሎ አልወጡም።

የመጀመሪያውን ፊልም ሳነሳ ነፋስ መጥቶ ካሜራውን ነቀነቀው። አንድ ፊልም ቀረኝ። «እኔ ልያዝልህ» ብለው እትዬ ከካሜራው ጎን ቆመው እግሩን ጨበጡ። የሌንሱን ክዳን ከፍቼ እስከ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ፤ ዓይኔ ዛፎቹ ላይ ነበር። ነፋስ አልመጣም።

ደሴ

ጨለማ ክፍል ገብቼ ሳጥበው የመጀመሪያው ብዥ ብሏል። ሁለተኛው ላይ ልጁ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ በትከሻው በኩል ግን የእትዬ ነጭ ነጠላና ግማሽ ፊታቸው በስሱ ይታያል። ነጸብራቃቸው መስታወቱ ላይ አርፎ ኖሯል። ዘወር ይበሉልኝ ማለትን ጀማሪም አይረሳውም፤ አፈርኩ። ተመልሼ እንዳልሄድ መንገዱ ተዘግቷል። አትሜ፣ መንገዱ ሲከፈት በአያ ሰይድ ላክሁላቸውና ቅሬታቸውን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

አያ ሰይድ ሲመለስ፣ እትዬ ፎቶዋን ይዘው ከጎረቤት ጎረቤት እየዞሩ ነው አለኝ። «ይኸው ከልጄ ጋር አብረን ተነሳን፤ ሞቷል የሚለኝ ይምጣና ይየን» ይላሉ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ፣ አበላሸሁት ያልኩትን ሥራ ባለቤቱ ሳያየው አልጥልም። ለእትዬ ግን ነጸብራቅ ነው ብዬ አልላክሁባቸውም።