እስከ ‹በ› ድረስ

ክፍሉ ውስጥ አምስት ነበርን። እኔ ከሰሌዳው አጠገብ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንዲት ተማሪዬ ከፊደል ገበታው ፊት፣ አባቷ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ። ማሽላው ከደረቀ ወዲህ ሰዉ ቆቦን እየለቀቀ በሮቢት በኩል ወደ ደሴ ይሄድ ነበር።

«ዛሬ መነሳታችን ነው» አለኝ አባቷ። «ደሴ ያለችው ዘመዴ፣ ማንበብ ከቻለች አስጠጋታለሁ ብላለች። ታነባለች፣ እትዬ?»

ያኔ ፊደል የምናስተምረው በዜማ ነበር። ልጅቷ በተርታ ታውቀዋለች፤ አንዱን ነጥዬ ስጠይቃት ግን ከ‹ሀ› ተነስታ፣ ሰባት ሰባቱን እየጠራች ነው የምትደርስበት። ዘንጌን ‹ጸ› ላይ አሳረፍሁ። ጀመረች። ‹በ› ላይ ትንፋሿ አለቀና አቆመች።

«እኔስ ‹መ› ላይ ነው የሚደክመኝ» አለ አንዱ ልጅ።

«ሁለት ሳምንት ቢተዉልኝ ትለየዋለች» አልሁት አባቷን።

«ሁለት ሳምንት ምን አብልቼ ላቆያት፣ እትዬ? ታነባለች ብለው ይጻፉልኝ።»

ጻፍሁለት። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። «ታነባለች ይላል» አልኋት። አባቷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረላትና ሄዱ።

ሁለቱን ልጆች አሰናበትሁ፤ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።