ለእናትየው የሰጠሁት ፎቶ

የፎቶ ማጠቢያ ኬሚካል ሽታ ዛሬም አንገቴን ያስደፋኛል። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚለው ያ ሽታ በመጣ ቁጥር የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ሳሪስ ካለ አንድ ፎቶ ቤት ሥራ እለምድ ነበር። ባለቤቱ ጊዜው ያለፈበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰጠኝና «መለማመጃ ነው፤ ሰው እንዳታነሺበት» አለኝ። እኔ ደግሞ በባቡር እስከ ሞጆ እየሄድኩ መንገደኛ ላነሳ ቋምጬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጣቢያው ተገኘሁ።

አንዲት እናት ለሥራ ድሬዳዋ የሚሄድ አንድ ልጃቸውን ይሸኙ ነበር። ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«የኔ ልጅ፣ አንሺልኝ እስቲ። አንድም ፎቶ የለውም።»

ፊልሙ እንደማያስተማምን መናገር ነበረብኝ። ግን ሰው እንደ ባለሙያ ሲያየኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ልጁ የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ፤ የጠዋቷ ፀሐይ ግማሽ ፊቱ ላይ አርፋ ነበር። አነሳሁትና የፎቶ ቤቱን አድራሻ ለእናትየው ነገርኳቸው። ባቡሩ ጮኸ፤ እኔም ተሳፈርኩ።

ፊልሙ ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር ጭጋግ ሆነ። የተረፈው አንድ ብቻ፣ ሞጆ ላይ ያነሳሁት የማላውቀው ወጣት ነው።

እናትየው ሦስት ጊዜ ፎቶ ቤቱ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ «ገና አልታጠበም» አልኳቸው። በአራተኛው ጥቁር ለብሰው መጡ።

«ወባ ነው አሉኝ። እዚያው ቀበሩት» አሉ። «አሁንስ ታጠበ?»

እውነቱን በመናገር ፈንታ የዚያን የማላውቀውን ወጣት ፎቶ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ አይለዩትም ብዬ ነው። ብዙ አዩት፤ ሳሙትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ለተዝካሩ ጠርተውኝ ቤታቸው ሄድኩ። ፎቶው በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰው ቀለል ሲል አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ እንዳልሆነማ ያን ለት አይቻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለምን ወሰዱት?»

«አንገትሽን ደፍተሽ ስትሰጪኝ አሳዘንሽኝ። ደሞ ይሄም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ ፎቶ ይኑራት አይኑራት ማን ያውቃል?»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሳህኑን ወደ እኔ አስጠጉት።

«ብዪ በይ፣ ይቀዘቅዛል።»

አቀርቅሬ በላሁ።