ለአራስ የተያዘው ቡላ

እህቴ ምጥ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የዱራሜዋ አዋላጅ ልጁ እንደተጋደመ ነገረችን፤ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱንም ታጣላችሁ አለች። ባሏ ለንግድ ሀደሮ ወርዶ ስለነበር፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣሁት እኔና አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አንዲት አሮጌ መኪና ተከራይተን በጠዋት ይዘናት ወጣን። እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። እነሱ ከኋላ፣ ፍራሽ ላይ ነበሩ።

ዶዮገናን አልፈን ዳገት ስንይዝ ከኮፈኑ እንፋሎት ይወጣ ጀመር። ሾፌሩ አቁሞ ወረደ። ራዲያተሩ ርሶ፣ ከግርጌው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

“ተበስቷል” አለ።

መኪናዋ ሳትቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈት አይቻልም፤ የፈላው ውሃ ፊት ይልጣል። ስለዚህ ቆመን ጠበቅን። እህቴ እየቆየች ትጮኻለች። ዝም ስትል የበለጠ እፈራ ነበር።

ሾፌሩ ትንሽ ቀዳዳ በሳሙና እንደሚደፈን ነግሮን ሳሙና ጠየቀ። አልያዝንም። ያኔ አማቷ ከጓዛቸው መሐል በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ አወጡ። እህቴ ስትገላገል ገንፎ ሊሠሩላት የያዙት ነው። በእኛ አገር አራስ በቡላ ገንፎ ነው የምትጠነክረው።

“ይሄ ከያዘ አይለቅም። የሸክላ ድስት ሲያዥብን በምን የምንደፍን ይመስልሃል?” አሉት።

“እማማ፣ የወለደችው መኪናዋ ናት እንዴ?”

“አታሹፍ! ዝም ብለህ አጉርሳት። ልጄ እየሞተችብኝ ነው።”

ሾፌሩ ቡላውን ከወንዝ በቀዳሁት ውሃ በጥብጦ ጨመረው። ጥቂት ቆይቶ ጠብታው ቆመ። አማቷ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ እኔም ደስ አለኝ። ተነሣን።

ብዙም አልሄድን። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ሳይኖር የሙቀቱ መርፌ ቀዩን አልፎ ሄደ። ሾፌሩ ኮፈኑን ሲከፍት ጨርቅና ውሃ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ከራዲያተሩ በላይ ያለውን የውሃ ጎማ ቱቦ ሲነካ እጁን በድንጋጤ ሰበሰበ። የታችኛውን ግን ጨብጦ ቆየ።

“ከላይ ይፈላል፣ ከታች ቀዝቃዛ ነው። ውሃው አይዞርም” አለ።

ከዚያ እጁን ከማራገቢያው ኋላ፣ ወደ ውሃ ፓምፑ ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ ርሰው ነበር። ረጅም ጊዜ አያቸው። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከኋላ ያሉት እንዳይሰሙ መሆኑ ገባኝ።

“የሚያፈሰው ፓምፑ ነው። ማራገቢያው እየረጨ ነው ራዲያተሩን ያራሰው። እሱማ ደህና ነበር። በየወንዙ ውሃ እየሞላን ብንሄድ ታደርሰን ነበር። አሁን ቡላው ውስጧ በስሎ የውሃውን መንገድ ዘግቶታል።”

ወዲያው ወደ ማሳው ዞሮ በከምባትኛ ተጣራ። ወንዶች እየሮጡ መጡ፤ እንጨት ቆርጠው በጋቢ ቃሬዛ ሠሩ። ሾፌሩ መኪናዋን ኮፈኗ እንደተከፈተ ጥሎ ከተሸካሚዎቹ ጋር ትከሻውን ሰጠ። የአንዱ መንደር ሰዎች ሲደክሙ የሚቀጥለው መንደር ይቀበላል። እህቴ መጀመሪያ ታቃስት ነበር፤ ኋላ ተወችው።

ሆሳዕና ሐኪም ቤት የደረስነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አማቷና እኔ ተቀመጥን። ሾፌሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ነርሷ ወጥታ እናትየው ትተርፋለች አለችን። ልጁ ግን ሆድ ውስጥ ሞቷል።

“ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ” ብላ ተመለሰች።

አማቷ አላለቀሱም። ሾፌሩን በእጃቸው ጠሩት።

“ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያንን ቡላ ባልሰጥህ መኪናህ ታደርሰን ነበር?”

ሾፌሩ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

“ወላሂ፣ አታደርሰንም ነበር እማማ” አለ።

በሐሰት እንደማይምል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሙስሊም ነበር። አማቷ ግን አልበቃቸውም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ የተማርሽው፣ አብረሽው ቆመሽ አይተሻል። እውነቱን ነው?”

በሰው ፊት መናገር ሁልጊዜ ይከብደኛል። የዚያን ዕለት ግን ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ።

“እውነቱን ነው” አልኳቸው።

ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው።