በጨርቅ ያበስኩት ውሃ

ሰሞኑን የምንኖርበት ካምቤል ከተማ ሳያባራ ዘነበ። እዚህ አገር ዝናቡ የሚመጣው በእኛ የበጋ ወራት ነው፤ ይኸው ስንት ዓመት ኖሬበት አሁንም ግር ይለኛል። ከትናንት ወዲያ ጠዋት የልጅ ልጄን ካልሲ ፍለጋ ፎቅ ስወጣ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ ላይ የሰሐን ያህል እርጥበት አየሁ። ውሃው በግድግዳው ወርዶ ወለሉን አርሶታል። ጣራውን የሠራው ብሩክ ነው፣ የልጄ ባል። በዲቪ የመጣ ልጅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ እየዋለ፣ ቅዳሜና እሁድ መሰላል ላይ ተሰቅሎ ነበር የጨረሰው። ሲወርድ እጁን እያራገፈ "እማማ፣ ከእንግዲህ ስለዚህ ጣራ አያስቡ" አለኝ።

ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጨርቅ አመጣሁ። ግድግዳውን ጠረግኩ፣ ወለሉን አበስኩ፣ ጨርቁን ጨምቄ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሸጎጥኩ። ልጁ እንዳያፍር ብዬ ነው። ትናንትም እንደዚያው አደረግኩ። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ተንበርክኬ ሳብስ ግን የጨርቁ ቅዝቃዜ መዳፌ ውስጥ ገባና እጄ ቀጥ አለ። ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያ ያበስኩት ውሃ ሁለት ሰው ለመግደል ትንሽ ነው የቀረው።

በሱዳን በኩል እዚህ አገር፣ ኦክላንድ ከተማ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሥራ ያገኙልኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። ጋሽ መኩሪያ አሰብ ወደብ ላይ ሳምቡክ የሚባሉትን የእንጨት ጀልባዎች ሲጠግኑ የኖሩ አናጢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ውሃ ዳር ፈጅተው ዋና አያውቁም። ሰው ሲስቅባቸው "አናጢ ነኝ እንጂ ዓሣ ነኝ?" ይላሉ። እኔም አልዋኝም፤ በዚያ ላይ ፈሪ ነኝ፣ ያኔም ዛሬም።

የሥራ ቦታችን የኦክላንድ ባሕር ዳር ላይ የታሰረች የእንጨት መርከብ ነበረች። አሮጌ አይደለችም፤ የድሮ ነገር የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው፣ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ቅመምና ጨርቅ ጭነው ይዞሩ በነበሩት የነጋዴ መርከቦች አምሳል የሠሯት ነች። ሆዷ ውስጥ ለክብደት የተደረደረ ድንጋይ አለ። የተማሪ ቤት ልጆች በአውቶቡስ እየመጡ ይጎበኟታል። ጋሽ መኩሪያ እንጨቷን ይጠግናሉ፣ እኔ አጸዳለሁ፣ ልጆቹንም አስጎበኛለሁ። ካፒቴን ሮይ የሚባለው ፂማም ሽማግሌ የምናገረውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጥቶኝ፣ ግማሹ ሳይገባኝ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። "ማዕበል ሸራ ይቀዳል፣ ምሰሶ ይሰብራል፣ ነጋዴውን ዕቃውን ወደ ባሕር ያስጥለዋል" እላለሁ፣ ልጆቹ ማስቲካቸውን እያኘኩ ሲያዩኝ። "ነገር ግን መርከብን ከማዕበሉ ይልቅ የሚጎዳት መሬት ነው። ሆዷ የተሠራው ውሃ እንዲሸከመው ነው። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ስትቀመጥ የራሷ ክብደት ጎኗን ይጫነዋል፣ የሳንቃዎቿ መጋጠሚያም ይከፈታል። ከዚያ የጎደለው ባሕር ተመልሶ ሲሞላ፣ እሷ ሳትነሳ በፊት ውሃው ውስጧ ይገባል።" ሁልጊዜ አንዱ ልጅ ታዲያ ምን ያደርጋሉ ብሎ ይጠይቃል። "ቀዳዳውን በሱፍና በሞራ ይወትፉታል" እላለሁ። ካፒቴኑ በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጨምሮ ነበር፤ "ካገኙት" የሚል። እሱን ስል ልጆቹ ይስቃሉ።

በመኸር ጋሽ መኩሪያ ከመርከቧ ኋላ በግራ በኩል፣ ከታች፣ አንድ ረጅም መጋጠሚያ አደሱ። አሮጌውን ቃጫ በጉጠት መዝዘው አዲስ ቃጫ እየጠቀጠቁ፣ ትኩስ ሬንጅ እያፈሰሱበት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ጾም ስለነበር ምሳችን ምስር ወጥ ነበር፤ ሬንጁ ከሚፈላበት በርሜል አጠገብ ተቀምጠን እንበላለን። እስከ ዛሬ ምስር ሲሸተኝ ሬንጅ አብሮ ይሸተኛል። ሥራው ሲያልቅ ካፒቴን ሮይ በሰው ሁሉ ፊት ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ አመሰገናቸው። ጋሽ መኩሪያ የዚያን ዕለት በአውቶቡስ ስንመለስ እስከ ሰፈራችን ቴሜስካል ድረስ ያፏጩ ነበር። ከአገር ከወጡ ወዲህ በእጃቸው ሥራ ሲመሰገኑ የመጀመሪያቸው መሆን አለበት።

ከወር በኋላ ያ መጋጠሚያ ማልቀስ ጀመረ። ቀጭን የውሃ መስመር ነው፤ ሲነጋ ከድንጋዮቹ ሥር ኩሬ ቢጤ ይሠራል። ለካፒቴኑ ብናገር ጋሼን ማሳጣት ነው። ለጋሼ ብናገርስ? እንጀራ ያበላኝን፣ አባቴን የሚያክል ሰው፣ "ሥራዎ ያፈሳል" ልለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እወርዳለሁ፣ አብሳለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ ጨርቁን ወደ ሆዷ ከሚያወርደው መሰላል ጀርባ እሰቅላለሁ። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስም ይለኝ ነበር።

የካቲት ላይ ያ አውሎ ነፋስ መጣ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጨርቁን አራት ጊዜ መጭመቅ ነበረብኝ። ካፒቴኑ ለሞተሩ አንድ ዕቃ ፍለጋ ሳን ሆዜ ሄዷል፤ ልጆቹም በዝናቡ ምክንያት አልመጡም። መርከቧ ላይ ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ነፋሱ ከደቡብ እየጠነከረ ሲመጣ ጋሼ ማሰሪያ ገመዶቹን ደርበው አሰሩ፤ እኔ የምይዘውን እይዛለሁ፣ ዝናቡ በአንገቴ ይገባል። ረፋዱ ላይ የፊተኛው ገመድ እንደ ጅራፍ ጮኸና ተበጠሰ። ሌላውም ተከተለ። ዳርቻው፣ መኪናዎቹ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ሁሉ ቀስ እያሉ ከእኛ መራቅ ጀመሩ።

"ገኒ! በራዲዮው ኮል አድርጊ! ቶሎ በይ!" አሉኝ ጋሼ።

ራዲዮው ላይ የነበረውን እንግሊዝኛዬን ፈጣሪ ይይልኝ። ከወዲያ ያለው ሰው ግን ገባው። ገመዳቸውን የበጠሱ ጀልባዎች ብዙ ናቸው፣ ጎታች ጀልባ እስኪደርስ ከመርከቧ አትውረዱ አለኝ። መልሼ ሳላመሰግነው መርከቧ ማዶ ያለው ጭቃ ላይ ወጣች። ትልቅ ድምፅ እጠብቅ ነበር፤ ያሰማችው ግን የደከመ ሰው ሲቀመጥ እንደሚያሰማው ያለ "እህ" ብቻ ነው። ባሕሩ እየጎደለ ነበር። ሲጎድል መርከቧ ወደ ግራ ጎኗ ተጋደመች፤ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ የሬንጁ በርሜል፣ ሁሉም ተንሸራቶ ወደዚያው ሄደ። የነበረችን ትንሽ ጀልባ ነፋሱ ወስዷታል። በእግር እንዳንሄድ ጭቃው ሰው ይውጣል።

ከሁሉ የከፋው መጠበቁ ነበር። ባሕሩ ጎድሎ እስኪመለስ ድረስ ሰዓታት ወለሉ ግድግዳ ሆኖብን ተቀመጥን። ከታች እንጨቱ ያቃስታል፤ ድንጋዮቹ ቦታ ሲቀይሩ ጎኗን ሲጫኑት ይሰማል።  እናቴ ሞቴን ማን ይነግራት ይሆን፣ በጭቃ ሞተች ብለው ያረዷት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። በልጆቹ ፊት በቃሌ የምለፈልፈው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ በራሴ ላይ እየደረሰ መሆኑ ገባኝ። አሁን የቀረው ባሕሩ ተመልሶ መሙላቱ ብቻ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ከታች የውሃ መንዠቅዠቅ ሰማን። ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ሁለት ጊዜ አንቋረረና ጭቃ ጠጥቶ ቆመ። ጋሼ ባትሪ ይዘው ወረዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። በግራ በኩል ባለው ዝቅታ ደግሞ ከድንጋዮቹ በላይ ተጠራቅሞ ጥቁር ሆኗል፤ ሥሩን ማየት አይቻልም። ጋሼ ባትሪያቸውን ወደ ፊት አበሩ። የፊተኛውን መጋጠሚያ ዳሰሱ። ቀኙን ዳሰሱ። ምሰሶው የሚቆምበትን ሥር በመዶሻ መቱ። ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ራሳቸው ወደሠሩት ቦታ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም።

እኔ መሰላሉ ላይ ቆሜያለሁ። ከጆሮዬ አጠገብ ጨርቄ ተሰቅሏል። የት እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃው የጋሼን ጉልበት ሲነካ አየሁ፣ አሁንም ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ከሞት ይልቅ የአንድ ሽማግሌን ፊት መፍራት ምን ይባላል? ኪዳነ ምሕረትን እጠራ ነበር፤ የምጠራትም እኔ ሳልናገር ጋሼ ራሳቸው ወደዚያ እንዲዞሩ ነው።

መርከቧ በድንገት ተንቀጠቀጠች፤ ውሃው የጋሼን ጭን መታ። ባትሪው ከእጃቸው ሊወድቅ ሲል ያዙት። ያኔ ነው የጮህኩት።

"ጋሼ! እዚያ አይደለም! ከኋላ ነው፣ በግራ! እርስዎ የሠሩት ነው! አንድ ወር ሙሉ ሲያፈስ እኔ ነኝ በጨርቅ የማብሰው!"

 ፊታቸውን አላየሁትም፣ ብርሃኑ ወደ ውሃው ነበር። ከዚያ ዞረው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ድንጋዮቹን በእጃቸው እያነሱ መወርወር ጀመሩ። እኔም ገባሁ። ውሃው ወገቤ ደረሰ፤ ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቆረጠው። ጋሼ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ከተው ዳሰሱና "አለ፤ እጅ ያስገባል" አሉ።

ሱፍና ሞራ የለንም። የካፒቴኑን ፍራሽ በቢላ ቀድጄ አመጣሁ፣ የለበስኩትን ሹራብ አወለቅኩ፣ ከተደፋው በርሜል የቀረውን ሬንጅ በእጄ እየዛቅኩ ለቀለቅኩበት። ጋሼ ያንን ሁሉ ጠቅጥቀው ሳንቃ ደረቡበት፤ ሳንቃውን በወፍራም እንጨት ደግፈው በመዶሻ ወጠሩት። እኔ እንጨቱን በትከሻዬ ይዤ ነበር፤ እያንዳንዱ ምት ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል። ውሃው መጨመሩን ያቆመው መቼ እንደሆነ አላወቅኩም። ትዝ የሚለኝ ሊመሽ ሲል ወለሉ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ሲስተካከል ነው። መርከቧ ተነሳች።

ጎታቹ ጀልባ ደርሶ ካፒቴን ሮይ ሲሳፈር ጋሼ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። ከተቀመጡበት ተነሱ። "የተከፈተው የእኔ ሥራ ነው፤ ያገኘችው እሷ ነች" አሉት። ስለ ጨርቁ አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ካፒቴኑ ከሥራ አላሰናበታቸውም፤ ያንን ጎን በሙሉ እንደገና አብረው ሠሩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። ጋሽ መኩሪያ አርጅተው፣ በምርኩዝ መሄድ ጀምረው፣ አንድ የጾም ቀን ቴሜስካል ምሳ ጋበዝኳቸው። ዓሣ ዱለት አዘዙ። ሁለት ሦስቴ ጎረሱና እጃቸውን አሳረፉ።

"ገኒ፣ ያንን ጨርቅ የት ጣልሽው?"

"የቱን ጨርቅ፣ ጋሼ?"

"ከመሰላሉ ጀርባ የምትሰቅይውን ነዋ።"

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩ። "ያውቁ ነበር እንዴ?"

"ከጀመርሽ በሳምንቱ አየሁት። ለእኔ ብለሽ እንደደበቅሽ ገባኝ። አወቅኩ ብልሽ አንቺ ታፍሪያለሽ አልኩ። ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ ስለ ራሴም አፍሬ ነበር። ነገ ማንም ሳያየኝ እጠግነዋለሁ እያልኩ ቀን ስገፋ ያ ቀን ደረሰ።"

"ውሃው ጭንዎ ድረስ ሲደርስስ? ወደዚያ ያልዞሩት..."

"አንቺ እያየሽኝ ወደዚያ መዞር አቃተኝ፣ ልጄ።"

 ከዚያ ማዕበል ይልቅ የፈራሁት ያን ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቀዳዳውን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሁለት ዋና የማያውቁ ሰዎች፣ አንዱ አንዱን ላለማሳፈር፣ ያፈሰሰውን ትተን ያላፈሰሰውን ስንዳስስ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የጓደኛውን በሽታ የሚደብቅለትስ ምን ይባላል? ጋሼ ካረፉ አሁን አራተኛ ዓመታቸው ነው። ከዚያ ምሳ በኋላ ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሳነውም።

ዛሬ ጨርቁን አልሸጎጥኩትም። እርጥቡ ወለል ላይ እንዳለ ተውኩትና አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አመሻሽ ላይ የብሩክ መኪና መጣ። እግሩን በደረጃው ላይ ስሰማ ልቤ ያኔ መሰላሉ ላይ እንደመታው መታ፤ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ስለ ጣራ ለመንገር እንዲህ መፍራት ያስቃል።

"ብሩክ፣ ና እስቲ። የሠራኸው ጣራ ያፈሳል። ሦስት ቀኑ ነው፤ እኔ ነኝ እያበስኩ የደበቅኩህ።"

ኮርኒሱን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ማፈሩን ሳይ አንጀቴን በላኝ፤ ምላሴ "ምንም አይደል" ሊል ዳር ደርሶ ነበር፣ ያዝኩት። ዝናቡ እንዳለ ነው። ብሩክ ወርዶ መሰላሉን አመጣ፤ እኔም ጃንጥላዬን ትቼ ወጣሁና መሰላሉን ከሥር ያዝኩለት።