በልቦለድ የተጣላን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ኩሽና ቆርቆሮ ላይ አቮካዶ ድው ብሎ ሲወድቅ ብቻዬን ሳቅሁ። ባሌ "ምን አገኘሽ?" አለኝ። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ሶዶ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። እኔና የዴስክ ጓደኛዬ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ልቦለድ በየተራ አነበብን። አንዲት ልብስ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ትገባለች፤ ከውሃው በታች ባለ ከተማ ሰባት ዓመት ትኖራለች፤ በመጨረሻ ራሷን ስፌት መኪናዋ አጠገብ ታገኘዋለች፤ ክሩ ገና መርፌው ውስጥ አልገባም። እኔ "ሕልም ነው" አልኩ። እሷ "እውነት ነው" አለች። እኔም፣ ምላሴን በቆረጠው፣ "ገጠሬ ሁሉን ያምናል" አልኳት። ዴስክ ቀየረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ያለ እሷ ትምህርት ቤቱ አስጠላኝ።

ሊያስታርቁን የተቀመጡት አያቷ ናቸው። ሰፈር ውስጥ ነገር ሲበላሽ የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛቸው ለገበያ ያህል ነው። ግቢያቸው ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር አስቀምጠውን፣ "ነገሩን ሳልሰማ አልፈርድም፤ መጽሐፉን አንብቡልኝ" አሉ። እኔ በአማርኛ ላነብ፣ እሷ በወላይትኛ ልትተረጉም ሆነ። ሳንተያይ ጀመርን።

በየቀኑ ከትምህርት መልስ እንሄድ ነበር። ግቢው የእርጥብ አፈርና የእንሰት ቅጠል ሽታ ነበረው፤ ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ጓደኛዬ ታጭበረብር ነበር። እኔ "ሐይቁ ዳር ዓይኗን ጨፈነች" ብዬ ሳነብ፣ እሷ "በሁለት ዓይኗ እያየች ገባች" ትላለች። ወላይትኛ የማልሰማ መስሏት! "እንደሱ አይልም!" ብዬ ስጮህ ሽማግሌው እጃቸውን ያነሱና ቀጥሉ ይሉናል።

በአምስተኛው ቀን ጨረስን። ፍርድ ስንጠብቅ አገጫቸው ከዘራቸው ላይ፣ ዓይናቸው ክድን። ያኔ ነው አንድ አቮካዶ የኩሽናቸው ቆርቆሮ ላይ ድው ብሎ የወደቀው። ብንን አሉና በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ቀዩ ላም የት ሄደ?"

"የቱ ላም፣ አባባ?"

"ከውሃ ሥር ያለው! ሴትዮዋ የሚያልበው!"

መጽሐፉ ውስጥ ላም የለም። ዶሮ እንኳ የለም። ጓደኛዬን አየኋት፤ አየችኝ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በሳቁ መሀል "ይቅርታ፣ ክፉ ነገር ነው ያልኩሽ" አልኳት። "አዎ፣ ክፉ ነው" አለችና እጄን ያዘችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አያቷ አልሳቁም። እንቅልፍ ሳይወስዳቸው እንዳልቀረ፣ የቱን እንደሰሙ፣ የቱን እንዳለሙ መለየት እንዳቃታቸው በወላይትኛ አመኑ። "እንዲህ ሆኖ ፍርድ የለም። ከመጀመሪያው አንብቡ" አሉ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ የሉም። ጓደኛዬ ቦምቤ ከተማ ታስተምራለች። ሳይፈረድልን ቀረ።

ያን ጊዜ ግን፣ በማግስቱ እንደገና ሳነብ ከውሃው በታች ያለው ከተማ ጋ ስደርስ፣ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ይጠብቁ ነበር። አንዲት ቃል ስትጨመር የምጮኸው እኔ፣ ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል፣ "ደጇ ላይም አንዲት ቀይ ላም ታስራ ነበር" ብዬ አነበብኩ። ጓደኛዬ ኮስተር ብላ ተረጎመች። እሳቸው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ።

"አላልኩም? ነበረ! ስንት ይታለባል?"

ገጹን ገልጬ መፈለግ ጀመርኩ።