ንጹሑ ኮድና የለቅሶ ቤት ውሃ

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ደንበኛ ሲቀንስ ፕሮግራም እጽፋለሁ። የከተማችን ፕሮግራም ጻፊዎች በስልክ የምንገናኝበት አንድ ግሩፕ አለ። ከአድሚኖቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለዚያ ግሩፕ ረጋ ብዬ ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንደተናደድኩ እጽፈዋለሁ።

ሥራችን ክርክር ነበር። የትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይሻላል፣ በገንዘብ የሚሸጥ ሲስተም የሚጠቀም ሰው ባለሙያ ይባላል ወይ እያልን እንነታረካለን፤ ሌላው ቀርቶ የኮድ መስመር በስንት ባዶ ቦታ ይጀምር በሚለው የተኳረፉ ሰዎች አሉ። የሚወዱትን መሣሪያ ዓርማ በፎቷቸው ቦታ ለጥፈው እንደ ማተብ የማይበጥሱትም ነበሩ። ውጭ አገር ያለ አንድ ስመ ጥር ሰው ሐሳቡን የቀየረ እንደሆነ ደግሞ በሳምንቱ ሁላችንም ቀይረን እንገኛለን፤ ትናንት ሌላ እንል እንደነበር የሚያምን አንድ ሰው አይገኝም። ከመካከላችን ግማሹ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ሠርቶ አያውቅም። ይህን ስል ራሴን ከደህናው ግማሽ የቆጠርኩ እንዳይመስላችሁ።

ያን ጊዜ የያዘን «ንጹሕ ኮድ» የሚሉት ነገር ነበር። ሐሳቡ ክፋት የለውም፤ ፕሮግራም አጭርና ግልጽ ሆኖ ይጻፍ፣ አይንዛዛ ነው የሚለው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ጾም ሆነ። «ይህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ያ ከሆነ ግን ተወው» የሚል ቅድመ ሁኔታ የበዛበት ኮድ ያሳየ ሰው፣ በዓቢይ ጾም ሥጋ ሲበላ እንደተያዘ ነበር የሚቆጠረው።

በዚህ መሀል ነው የኮሌጅ የክፍል ጓደኛዬ የነበረች ሴት ጥያቄ ይዛ የመጣችው። ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። በትርፍ ጊዜዋ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር በአንድ ቦይ ለሚያጠጡ የሙዝ ገበሬዎች የውሃ ተራ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ጽፋላቸው ነበር። ፕሮግራሙ በገበሬዎቹ የውሃ ኮሚቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ፣ ተራው ለደረሰ ሰው በዋዜማው አጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶችም ቁጥር ለይተው እንደሚያውቁ አብራቸው ተቀምጣ አይታለች። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ የእናቴ እህት ናት። አክስቴ ባለ ቁልፍ ስልኳን እያሳየችኝ «ውሃው ራሱ ይደውልልኛል» ትል ነበር።

የጓደኛዬ ጥያቄ ትንሽ ነበር። በገበያ ቀን ኔትወርክ ሲጨናነቅ አንዳንድ መልእክት ሳይደርስ ይቀራል፤ ያልደረሰው ተመልሶ እንዲላክ ምን ላድርግ ነው ያለችው። እንዲታይላትም ከኮዱ ቆርጣ ለጠፈች። የጠየቀችውን የመለሰላት የለም። የሁላችንም ዓይን ያረፈው ኮዱ ላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ቤቱ ለቅሶ ካለበት፣ ሴትየዋ አራስ ከሆነች፣ ሰውየው ሐኪም ቤት ከተኛ፣ የላይኛው ቦይ ከተደረመሰ፣ ሌላም ሌላም።

አንዱ ቋንቋው ጊዜ ያለፈበት ነው አለ። ሌላው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ ተረተባት። ሦስተኛው የአንዱን መስመር ፎቶ አንሥቶ በቀይ ከበበውና ለመማሪያ ይሁናችሁ አለ። እኔም ጻፍኩ፦ «ይህ ፕሮግራም ነው ወይስ የእድር መተዳደሪያ ደንብ?» የእሳትና የሳቅ ምልክት ዘነበልኝ። ደስ አለኝ። ማመኑ ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ አለኝ፤ ደንበኛ የሰጠኝን ስልክ እንደተፈታታ ትቼ ስንት ሰው እንደሳቀልኝ ሳይ ዋልኩ። አንድ ሁለት ሰዎች «የጠየቀችውንስ ማን ይመልስላት?» ብለው ነበር። እነሱንም ለስንፍና ጠበቃ ቆማችኋል ብለን አሳፈርናቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ከግሩፑ ወጣች። ኮሚቴው ዘንድ ሄዳም ከእሷ የተሻሉ ባለሙያዎች በከተማው እንዳሉ፣ እነሱ ቢሠሩላቸው እንደሚሻል ነግራ ላፕቶፑን አስረከበች። የተሻሉት እኛ መሆናችን ነው።

ግሩፑ ሥራውን በነጻ ሊሠራ ተነሣ። በየትኛው መሣሪያ እንሥራው በሚለው ሁለት ወር ገደማ ተጨቃጨቀና ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንደኛው ወገን የራሱን ግሩፕ ከፍቶ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተወለደው አንድ ዓርማ ነው፤ የሙዝ ቅጠልና የውሃ ጠብታ። በመጨረሻ አንገሸገሸኝና ብቻዬን ልሠራው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ሲስተም ከነፕሮግራሙ ጠራርጌ አጥፍቼ፣ እኛ ትክክለኛ የምንለውን ሲስተም መጫን ነበር። ቅጂ አልያዝኩም። ለቆሻሻ ምን ቅጂ ያስፈልገዋል ብዬ ነው።

በሁለት ሳምንት ያለቀው ፕሮግራም አጭርና ጥርት ያለ ነበር። የስም ዝርዝር አለ፤ ተራው ከስም ወደ ስም ይሄዳል። ባለተራው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቦዩን መክፈቱን ደውሎ ካላሳወቀ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ ለማሳ ጎረቤቱ ይተላለፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ለቅሶና ስለ አራስ አንድ መስመር የለበትም። ኮሚቴውንም መከርኩ፤ ክርክር እንዲቀር ከእንግዲህ ስልኩ ያለው ይሁን ብላችሁ ወስኑ አልኳቸው፤ ወሰኑ። ኮዱን ስለጥፈው ግሩፑ አጨበጨበልኝ። ያልደረሰ መልእክት ተመልሶ የመላኩን ነገር፣ መጀመሪያ የተጠየቅነውን ማለት ነው፣ እኔም ረሳሁት።

የካቲት ላይ የአክስቴ ባል ሞተ።

በዚያ ቦይ የቆየ ሥርዓት አለ። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ዶማ አይጨብጥም። በዚያ መሀል ተራው ከደረሰ የማሳ ጎረቤቱ ሄዶ ያጠጣለታል። አጠጡልኝ አይባልበትም፣ ምስጋናም የለውም፤ ነገ የእሱም ቤት ለቅሶ ይገባዋልና። የጓደኛዬ ፕሮግራም ይህንን ያውቅ ነበር፤ ኮሚቴው ለቅሶውን ሲመዘግብ መልእክቱ የሐዘንተኛው የማሳ ቁጥር ተጨምሮበት ለጎረቤቱ ይሄዳል፤ ለሐዘንተኛው አጠጣ ለማለት። እኔ ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የአባቴን ማሳ ጎረቤት ሲያጠጣልን አይቻለሁ። ፕሮግራሙን ስጽፍ ግን ትዝም አላለኝ፤ ትዝ ቢለኝም «እሱን በአፍ ይጨርሱት» እል እንደነበር አውቃለሁ።

የሟቹ ዘመዶች ከደጋው፣ ከዶርዜ ስለወረዱ ድንኳኑ ሰንበት ብሎ ነው የተነሣው። በእነዚያ ቀናት የአክስቴን ስልክ ቻርጅ ያደረገ ሰው አልነበረም። ተራዋ ደረሰ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ውሃው ለጎረቤቷ ተላለፈ። ጎረቤቷም የራሱን ሙዝ አጠጣበት። ያው ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ስለ ውሃው ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ድንኳኑ በተነሣ ማግስት አክስቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ ማሳዋ ወረደች። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። የውሃ ተራ የሚያስከብሩትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም አፍረው ጎረቤቷን አስጠሩት። ሰውየው «ለአንተ ነው ያለኝ፣ ለእሷ አጠጣ አላለኝም» ብሎ መልእክቱን አሳያቸው። እውነቱን ነው፣ አላለውም። ሽማግሌው ከሰው ጋር እንጂ ከስልክ ጋር ተከራክረው አያውቁምና ሰውየውን አሰናበቱት። የሚቀጥለው ተራዋ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀረው ነበር፤ በየካቲት ፀሐይ፣ ዘለላ የያዘ ሙዝ ያን ያህል አይጠብቅም።

ከዚያ ተነሥታ ሱቄ ድረስ መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም አለች። በጋሞኛ ነበር የምታወራኝ።

«ስልኩን የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ።»

እኔ ነኝ አልኳት።

«ሰው እንደሞተብኝ አያውቅም?»

«አያውቅም፣ አክስቴ።»

«የፊተኛው ያውቅ ነበር» አለችና ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት የሆነውን ሁሉ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ተሳስተናል፣ ያ የሳቅንበት ኮድ ልክ ነበር፣ ያቺን ልጅ ይቅርታ እንጠይቃት አልኩ። የመጀመሪያው መልስ ስህተቱ የኮዱ ሳይሆን የተጠቃሚዋ ነው የሚል ነበር፤ ሐዘን ሲገጥማት ተራዋን አስቀድማ ማዛወር ነበረባት። ሞት ቀጠሮ የሚሰጥ ይመስል። ቀጥሎ አንዱ፣ ሲስተም ለባህል መጎንበስ የለበትም፣ ባህሉ ነው ለሲስተም መስተካከል ያለበት አለ፤ የእሳት ምልክት ተደረደረለት። ሌላው እሱ በሚወደው ቋንቋ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። ከዚያማ ቋንቋው ላይ ተያያዙ፤ የአክስቴ ሙዝ ተረሳ። ሳላስበው ክፉ ቃል ጻፍኩ። አድሚን ሆኖ እንዲህ ይናገራል ወይ ብለው ተረባረቡብኝ፣ ድምፅ ሰጥተውም ከአድሚንነት አነሡኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ መነሣቴ አይደለም። የሚሉት እያንዳንዱ ነገር እኔው ራሴ ስለው የነበረ ነው፤ የሚመልሱልኝን በሙሉ አስቀድመው ከእኔው ተምረውታል።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሴቻ ወጣሁ። ጓደኛዬ ከመሥሪያ ቤቷ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። የይቅርታውን ነገር አለፈችውና ላፕቶፑ ላይ ያለውን ምን አደረግከው አለችኝ። አጠፋሁት አልኳት። እጇ ላይ የቀረው ቅጂ የመጀመሪያው ነው፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አብዛኛው ገና ሳይገባበት።

«እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለች። «ስንት ቅዳሜ ቦዩ ዳር ተቀምጬ እነሱ ያሉኝን ነው የገለበጥኩት። አንተ ያሳደገህ ቦይ ነው። ማንበብ አቅቶህ ነው?»

እንደ አዲስ ቦዩ ዳር ሄዳ እንደምትቀመጥ ነገረችኝ፤ ለእኔ ብላ ግን አይደለም። እስከዚያው የለቅሶውን መስመር ብቻ ልጨምር ብዬ ኮሚቴውን ብጠይቅ እምቢ አሉኝ። ጎረቤትየው የኮሚቴው አባል ነው። ለአክስቱ ሲል ነው የሚቀይረው አለ። ሌሎቹም ትናንት ስልኩ ያለው ነው አስብለኸን ዛሬ ሌላ ትላለህ ወይ አሉኝ። ገሚሱ ሥርዓቱ ይመለስ ሲል ገሚሱ ስልኩ ይሻላል፣ አድልዎ የለበትም አለ፤ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራ ተባለ። እኔ ግሩፑ ውስጥ የማውቀውን ነገር ወስጄ ቦዩ ላይ ዘርቼዋለሁ።

ስብሰባው ሳይደርስ የጎረቤትየው እናት ሞቱ።

ቀብሩ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወደቁትን ሙዞች ልቆርጥላት አክስቴ ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ከዳር ያሉት ግንዶች ወገባቸው ላይ ታጥፈዋል፤ ዘለላው ሳይሞላ ጠውልጓል። መሀል ያሉት ግን ገና ነፍስ ነበራቸው። ውሃ ካገኙ ይተርፋሉ ብላ ተራዋን በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ ስድስት ቀን ቀርቷታል። የዚያ ዕለት ባለተራ ጎረቤትየው ነው፤ እሱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ውሃው በዋናው ቦይ ሲወርድ ይሰማናል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። አወጣሁና አየሁት፤ ሁለት ቁጥር።

«ውሃው ለአንቺ ተላለፈ» አልኳት። ዝለል ዝለል ብሎኝ ነበር። ያ የረገምኩት ፕሮግራም በዚያች ደቂቃ ትክክል መሰለኝ።

ዶማዋን አነሣችና ወደ ቦዩ ሄደች። የራሷን መክፈቻ አልፋ የጎረቤትየው ጋ ስትደርስ ቆመች። እየረገመችው ነበር፤ ስስታም፣ ዓይነ ደረቅ፣ እያለች፣ ለሟች እናቱም ነፍስ ይማር እያለች፣ ሁለቱን እያፈራረቀች አፈሩን መቆፈር ጀመረች። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«አክስቴ፣ እሱ እኮ ላንቺ አላጠጣልሽም።»

«አላጠጣልኝም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ሙዝሽ እያለቀ ነው እኮ።»

«ሰው ሞቶበታል» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ። «እያወቅኩ? እኔ ስልክ አይደለሁም።»

ዶማውን ተቀበልኳትና ከፈትኩለት። ማሳው ሰፊ ነው፤ መሬቱም ደርቆ ስለነበር ውሃውን ቶሎ አልጠገበም። ጠጥቶ ሲያበቃ ሰዓቱም አልቆ ነበር። የሚቀጥለው ባለተራ ስልኩን ይዞ መጣና ቦዩን ወደ ራሱ አዞረው፤ ለእኛ አልተረፈም።